የሕፃናት የሆድ ድርቀት፡ እምቢተኝነት ነው ወይስ ፍርሃት?



አንድ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ እናስብ። ከቁርስ በኋላ ድንገት ጨዋታውን ይተውና ከመጋረጃ ጀርባ ይሸሸጋል። እግሮቹን አጣብቆ፣ በጣቶቹ ጫፍ ቆሞ፣ የወንበሩን ጠርዝ ጨምድዶ ይይዛል፤ ፊቱ ይቀላል፣ ያልበዋል። እናቱ «ና፣ ፖፖህ ላይ ተቀመጥ» ስትለው «እምቢ!» ብሎ ያለቅሳል። ቢቀመጥም ምንም አይወጣውም፤ ሲነሳ ግን ሱሪው ላይ ጥቂት ያመልጠዋል። ነገሩ በየቀኑ ሲደጋገም እናቲቱ ትዕግሥቷ ያልቅና ጭኑን ትቆነጥጠዋለች። አያቱ ደግሞ የሱሪውን መበላሸት አይተው «ልጄ፣ ይኼ ልጅ እኮ አስቀምጦታል፤ ያን ፓፓያ አታብይው» ይሏታል። እርሷም «እሺ እማዬ» ትልና ፓፓያውን ትታ ሩዝና ዳቦ ብቻ ታበላው ትጀምራለች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጁ ጭራሽ ይብስበታል።

በዚህ ቤት ውስጥ ለልጁ ክፉ የሚመኝ የለም። እናቲቱ «እምቢተኛ ሆነብኝ» ብላ፣ አያቲቱም «የልጅ ልጄ ሆዱ ተበላሸ» ብለው ነው። ይሁንና ሁለቱም ነገሩን ስተውታል። የልጁ ችግር ተቅማጥ ሳይሆን የሆድ ድርቀት ነው። እምቢ ያለውም አልታዘዝም ብሎ ሳይሆን የሚያመውን ነገር ፈርቶ ነው። በዚህ ጽሑፋችን የምናነሳው ዋና ቁም ነገርም ይኸው ነው። የአብዛኞቹ ሕፃናት የሆድ ድርቀት ከከባድ በሽታ የሚመጣ ሳይሆን ከምግብ፣ ከልማድና ከፍርሃት የሚነሳ ነው። በመሆኑም መከላከሉ በአብዛኛው በወላጆች እጅ ነው። ከጀመረ በኋላም ቢሆን ቁጣ ያባብሰዋል እንጂ አይፈውሰውም።

ድርቀት የሚባለው የትኛው ነው?

ብዙ ወላጆች ልጃቸው በቀን አንድ ጊዜ ካልተጸዳዳ «ሆዱ ደርቋል» ብለው ይጨነቃሉ። ነገር ግን ሁሉም ልጅ አንድ አይደለም። ጡት ብቻ የሚጠባ አራስ ሕፃን በጠባ ቁጥር ሊጸዳዳ ይችላል። ይኸው ሕፃን ዕድሜው ወደ ስድስት ሳምንት ገደማ ከደረሰ በኋላ ብዙ ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት ሙሉ ሳይጸዳዳ ሊቆይ ይችላል። ሲወጣው ሰገራው ለስላሳ ከሆነ፣ በደንብ ከጠባና ክብደቱ ከጨመረ ይህ ድርቀት አይባልም። ስለዚህ መለኪያው የቀን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሰገራው ጥንካሬና የልጁ ሕመም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ግን ሕፃኑ አልፎ አልፎ ብቻ ከተጸዳዳ በቂ ጡት እየጠባ ላይሆን ስለሚችል ለጤና ባለሙያ ማሳየት ይገባል።

ሌላም ወላጆችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። የጥቂት ሳምንታት ሕፃን አሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ እያማጠ፣ እያለቀሰ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ እየቀላ ይቆይና መጨረሻ ላይ ለስላሳ ሰገራ ይወጣዋል። ይህም ድርቀት አይደለም። ሕፃኑ ሆዱን ሲገፋ ፊንጢጣውን ማላላት እንዳለበት ገና ስላልተማረ ነው። ጊዜው ሲደርስ በራሱ ይለምደዋል። በዚህ ወቅት መድኃኒት መስጠትም ሆነ ፊንጢጣውን መነካካት ልጁ በራሱ እንዳይማር ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም።

ታዲያ ድርቀት የምንለው የትኛውን ነው? በ2016 (እ.ኤ.አ.) የታደሰውና ሐኪሞች «ሮም አራት» የሚሉት መስፈርት እንደሚለው፣ ዕድሜው ከአራት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከሚከተሉት ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ ለአንድ ወር ያህል ከታዩበት የሆድ ድርቀት አለበት ይባላል፤

- በሳምንት 2 ጊዜ ወይም ከዚያ በታች ብቻ መጸዳዳት፤
- ሰገራን አምቆ የመያዝ ልማድ፤
- ሲጸዳዳ ማመም ወይም የሰገራው መጠንከር፤
- እጅግ ወፍራም ሰገራ መውጣት፤
- ሐኪም ሲመረምረው በፊንጢጣው ውስጥ የተከማቸ ብዙ ሰገራ መገኘት።

ፖፖ የለመደ ልጅ ከሆነ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ሱሪው ላይ ማምለጡ ከምልክቶቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

ይህ ማለት ግን ልጁ እያመመው አንድ ወር እንጠብቅ ማለት አይደለም። ሰገራው እንደ ፍየል በጠጥ ጠጥሮ ሲወጣ ወይም ልጁ ሲጸዳዳ ሲያለቅስ ካየን ወዲያውኑ ማስተካከል መጀመር አለብን። ቶሎ የተያዘ ድርቀት ቶሎ ይለቃል።

ሰገራው ለምን ይደርቃል?

የበላነው ምግብ ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ገና ውሃነት አለው። የትልቁ አንጀት አንዱ ሥራ ይህን ውሃ እየመጠጠ ወደ ሰውነት መመለስ ነው። ሰገራው እዚያ በቆየ ቁጥር ውሃው እየተመጠጠ ይሄድና ይጠጥራል፤ ይወፍራልም። እንዲህ የጠጠረ ሰገራ በሕፃን ልጅ ጠባብ ፊንጢጣ ሲያልፍ ቆዳውን ሊሰነጥቀው ይችላል። በሰገራው ላይ ደማቅ ቀይ የደም መስመር የምናየው ብዙውን ጊዜ ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ክፉው አዙሪት የሚጀምረው። ልጁ «ካካ ያማል» ብሎ በአእምሮው ይመዘግባል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣበት እግሩን አጣብቆ ይይዘዋል። በያዘው ቁጥር ሰገራው ይበልጥ ይደርቃል፤ በደረቀ ቁጥር ሲወጣ ይበልጥ ያመዋል፤ ባመመው ቁጥር ይበልጥ ይፈራል። ብዙ እናቶች ልጁ ሲያምጥ ሊያወጣ የሚታገል ይመስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚታገለው እንዳይወጣ ነው።

አዙሪቱ ለወራት ከቀጠለ የአንጀቱ መጨረሻ በተከማቸው ሰገራ ይለጠጥና የመሙላት ስሜቱ ይደነዝዛል። በዚህን ጊዜ ከላይ የሚመጣው ቀጭን ሰገራ በጠጣሩ ዙሪያ ሾልኮ ልጁ ሳያውቀው ሱሪው ላይ ይፈስሳል። ከላይ ያነሳናቸው አያት ተቅማጥ የመሰላቸውም ይኸው ነው። ልጁ ሲፈስሰው አልተሰማውም፤ ሊይዘውም አይችልም። ባላወቀውና ባልቻለው ነገር መቆንጠጥ ደግሞ ከበደል የሚቆጠር ነው።

ከመወለድ እስከ ስድስት ወር

በአገራችን በብዙ ቦታ አራስ ሕፃንን ገና ጡት ሳይጠባ ቅቤ ማስላስ፣ የስኳር ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ ማጠጣት የቆየ ልማድ ነው። «አንጀቱን ያለሰልስለታል፣ ሆዱን ያጥብለታል» ተብሎ ይታመናል። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ሥራው ግን ሕፃኑን ይጎዳል። አላህ (ሱ.ወ.) ለአራሱ ያዘጋጀለት የመጀመሪያው ቢጫ ወተት፣ እንገር የምንለው፣ ራሱ ሆድ አለስላሽ ነው። በእናቱ ማሕፀን ሳለ በአንጀቱ የተጠራቀመውን ጥቁር ሰገራ ቶሎ የሚያስወጣለት እርሱ ነው። ቅቤውና ውሃው ግን ትንሽዋን ሆድ ሞልተው ከጡቱ ያዘገዩታል፣ ተሕዋስያን ያስገቡበታል። ቅባት ደግሞ ትን ብሎ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጀምርና እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን እንዳይሰጠው ይመክራል። በሞቃት አገርም ቢሆን የእናት ጡት ውስጥ ያለው ውሃ ይበቃዋል።

ቁርአን በሱረቱል በቀራህ 233ኛው አንቀጽ የማጥባቱን ጊዜ ለመሙላት ለሚሻ ሁለት ሙሉ ዓመት ብሎ እንደሚያመለክት አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በጠጣር ሰገራ የሚሠቃየው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ የሚከተል ቤት ከድርቀት መከላከያዎች አንዱን ይዟል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ተሕኒክ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለአራሶች ተምር አላምጠው ላንቃቸውን ያሹላቸው እንደነበር የታወቀ ነው። ተሕኒክ ግን ቅምሻ እንጂ ምግብ አይደለም። በታጠበ ጣት ጥቂት የለሰለሰ ተምር ላንቃ ላይ መቀባት ይበቃል። አደጋው ያለው ተምር ሲጠፋ ማር የሚተኩት ዘንድ ነው። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር ፈጽሞ መሰጠት የለበትም። በማር ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጡ የተሕዋስያን ዘሮች ሊኖሩ ይችላሉ። የትልቅ ሰው አንጀት ያሸንፋቸዋል፤ በጨቅላ አንጀት ውስጥ ግን በቅለው መርዝ ያመነጫሉ። አፍልቶ መስጠትም አያድንም። የዚህ በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ብዙውን ጊዜ የሆድ ድርቀት ነው፤ ከዚያም የመጥባት ኃይል ይቀንሳል፣ ለቅሶው ይደክማል፣ የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፣ ሰውነቱ ይዝላል። አንዳንዶች «ማር ፈውስ እንዳለበት በሱረቱ ነሕል ተነግሮ የለምን?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ እናምንበታለንም። ሥጋም ሐላል ነው፤ ግን ለአራስ ልጅ ሥጋ የሚያጎርስ የለም። ለሁሉም ዕድሜና ጊዜ አለው።

በልዩ ልዩ ምክንያት የጣሳ ወተት የሚጠጡ ሕፃናት ሰገራቸው ጡት ከሚጠቡት ይበልጥ ይጠነክራል። በዚህ ላይ «ይወፍርለት» ብለው ከታዘዘው በላይ ዱቄት የሚጨምሩ ወላጆች ሳያስቡት ልጁን ውሃ ያስጠሙታል፤ ሰገራውንም ያደርቁበታል። «ይበርክትልን» ብለው ውሃ የሚያበዙትም ልጁን ያስርቡታል። በጣሳው ላይ የተጻፈውን ልክ በራሱ ማንኪያ እየሰፈሩ፣ ፈልቶ በበረደ ውሃ መበጥበጥ እንጂ መገመት አይገባም። የላም ወተት ደግሞ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም።

ከስድስት ወር በኋላ፡ ማዕዱን እንፈትሽ

ድርቀት በብዛት የሚጀምርባቸው ሦስት ወቅቶች አሉ። አንደኛው ልጁ ተጨማሪ ምግብ ሲጀምር፣ ሁለተኛው ከዳይፐር ወደ ፖፖ ሲሸጋገር፣ ሦስተኛው ደግሞ መዋዕለ ሕፃናት ወይም መድረሳ ሲገባ ነው።

ስድስት ወር የሞላው ልጅ ገንፎ፣ አጥሚት፣ የድንች ፍትፍት ይጀምራል። መጀመሩ ተገቢ ነው፤ ጉዳቱ እነዚህ ብቻ ሲሆኑ ነው። የተፈተገ ስንዴ ዳቦ፣ ነጭ ሩዝ፣ መኮሮኒና ብስኩት አሠር የሚባለው፣ ለሰገራ ልስላሴ የሚሰጠው የምግብ ክፍል እጅግ ያነሰባቸው ናቸው። ይህን ልጅ ጠግቦ ያድራል፤ አንጀቱ ግን የሚገፋው ነገር ያጣል። በሌላ በኩል የአገራችን ጓዳ በአሠር የበለጸገ ነው። ጤፍ፣ ገብስ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ዱባ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ማንጎ፣ አቮካዶና ተምር ሁሉ ለዚህ የሚሆኑ ናቸው። በልኩ አብስሎና ፈጭቶ ወይም አድቅቆ መስጠት የእናት ጥበብ ነው።

ከአንድ ዓመት በኋላ የሚታየው ትልቁ ስሕተት ወተት ማብዛት ነው። «ወተት ከጠጣልኝ ምግቡን ቢተውም ግድ የለኝም» የምትል እናት ጥቂት አይደለችም። በጡጦ ቀኑን ሙሉ ወተት የሚጠጣ ልጅ ለምስሩም ለፍራፍሬውም ሆድ አይተርፈውም፤ ሰገራው ይጠነክራል፤ የብረት ማዕድን እጥረት ደም ማነስም ሊያመጣበት ይችላል። ከአንድ ዓመት በላይ ላለ ልጅ በቀን ግማሽ ሊትር፣ ሁለት ብርጭቆ ገደማ፣ ይበቃዋል። በአንዳንድ ልጆች ደግሞ የላም ወተት ፕሮቲን ራሱ ስለማይስማማቸው ድርቀት ያመጣባቸዋል። ይህን ግን ሐኪም ሳያማክሩ በግምት ወተት ማቋረጥ አይገባም።

የረመዳን ወር ሲገባም ልብ የምንለው ነገር አለ። ትልልቁ ሁሉ ጾመኛ በሆነበት ቤት ቀን ምድጃ አይለኮስ ይሆናል። የማይጾመው ሕፃን ታዲያ በብስኩት፣ በዳቦና በሻይ ይውላል፤ ውሃ የሚያስታውሰውም ያጣል። ማታ ለኢፍጣር ከተሠራው ሾርባ ለነገ ቀን ለልጁ ቀንሶ በንጽሕና ማስቀመጥ፣ የውሃ ኩባያውንም ዓይኑ በሚያይበት ቦታ ማኖር ቀላል መፍትሔ ነው።

ፖፖና ጠሃራ

እኛ ሙስሊሞች ለንጽሕና የምንሰጠው ቦታ ከፍ ያለ ነው። መስገጃው፣ ምንጣፉ፣ ልብሱ ነጃሳ እንዳይነካው እንጠነቀቃለን። ይህ የሚያስመሰግን ጥንቃቄ አንዳንዴ ግን በትንሹ ልጅ ላይ ጭንቀት ሆኖ ይወርዳል። «ሶላቴን ታበላሽብኛለህ» እየተባለ፣ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው ፖፖ ላይ በግድ የሚቀመጥ፣ ሲያመልጠው የሚገረፍ ልጅ ሰገራውን መያዝን ይማራል። ሲወጣ ቁጣ ያመጣበታልና።

ኡሙ ቀይስ የተባለችው ሰሐቢት ገና ምግብ ያልጀመረ ልጇን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይዛ መጥታ፣ ልጁ እቅፋቸው ውስጥ ሆኖ ልብሳቸው ላይ እንደሸናባቸውና ውሃ አስመጥተው ረጨት እንዳደረጉበት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የፊቅሁን ዝርዝር ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን። እኛ ከዚህ የምንወስደው ጸባዩን ነው። ልጁን አልተቆጡም፤ እናቲቱንም አላሳፈሩም፤ ውሃ አስመጡ፤ ነገሩም አለቀ። ልብስ ይታጠባል። በልጅ ልብ ውስጥ የገባ ፍርሃት ግን ለማጠብ ያስቸግራል።

አብዛኞቹ ልጆች ለፖፖ የሚዘጋጁት ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ሳይሸና መቆየት፣ ቀላል ትእዛዝ መረዳት፣ ሱሪውን ዝቅ ለማድረግ መሞከር፣ ሲመጣበት በቃል ወይም በምልክት መናገር የመዘጋጀቱ ምልክቶች ናቸው። ልጁ ሆዱ ደርቆ ባለበት ሰሞን ግን ስልጠናውን አቁሞ መጀመሪያ ድርቀቱን ማስታገስ ይገባል። ለጊዜው ወደ ዳይፐር መመለስም ነውር የለውም።

ስለ ቦታውም እናስብ። በግቢያችን ያለው የጋራ ሽንት ቤት ጨለማ ነው፤ ጉድጓዱ ሰፊ ነው፤ ሽታው ይከብዳል። ትልቅ ሰው የሚጠየፈውን ቦታ የሦስት ዓመት ልጅ ቢፈራው ምን ያስገርማል? በመዋዕለ ሕፃናትና በመድረሳም እንዲሁ ነው። ሽንት ቤቱ ስለቆሸሸ ወይም ኡስታዙን ለማስፈቀድ አፍሮ ቀኑን ሙሉ ይዞ የሚውል ልጅ ብዙ ነው። ወላጆች ልጃቸውን ከማስመዝገባቸው በፊት የሽንት ቤቱን ሁኔታ ቢያዩ፣ አስተማሪዎችም ልጅ «ልውጣ» ሲል ባይከለክሉ መልካም ነው።

ምን እናድርግ?

1. ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ ከምግቡ ጋር ንጹሕ ውሃ ጥቂት ጥቂት እናስለምደው። ፓፓያ፣ የበሰለ ዱባ፣ የለሰለሰ ብርቱካን በየቀኑ ከማዕዱ አይጥፋ። ተምር ሲሆን ፍሬውን አውጥቶ፣ አሳድሮ በውሃ አለስልሶና አድቅቆ መስጠት ነው። ሙሉውን መስጠት ሊያንቀው ይችላል።

2. ምግብ ሲገባ አንጀት ይነቃቃል። ስለዚህ ከቁርስና ከእራት በኋላ ፖፖ የለመደውን ልጅ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ዘና ብሎ እንዲቀመጥ እናድርግ። እግሩ አይንጠልጠል፤ መሬት ወይም ዱካ ይርገጥ። አጠገቡ ተቀምጠን ተረት ብንነግረው ፍርሃቱ ይቀንሳል። ምንም ባይወጣውም ስለተቀመጠልን እናመስግነው።

3. ለጨቅላው ሆዱን በሞቀ እጅ በቀስታ ማሸት፣ እግሮቹን ብስክሌት እንደሚነዳ ማንቀሳቀስ፣ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ያዝናናዋል።

4. ሰገራው አንዴ ከተከማቸና ልጁ መያዝ ከለመደ ምግብ ብቻውን አይበቃም። ሐኪም ማየት አለበት። ማክሮጎልና ላክቱሎስ የመሳሰሉ ሰገራ የሚያለሰልሱ መድኃኒቶች በሐኪም ልክ ለልጆች ይታዘዛሉ። ብዙ ወላጅ ልጁ ሁለት ሦስት ቀን ደህና ሲጸዳዳ «ሱስ ይሆንበታል» ብሎ ያቋርጠዋል፤ ድርቀቱም ይመለሳል። እነዚህ መድኃኒቶች ሱስ አይሆኑም። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት በ2014 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት የጋራ መመሪያ ሕክምናው ቢያንስ ለ2 ወር እንዲቀጥልና ምልክቶቹ ሁሉ ከጠፉ ቢያንስ 1 ወር ሳይሞላ እንዳይቆም፣ ሲቆምም ቀስ በቀስ እንዲሆን ይመክራሉ። የተለጠጠው አንጀት ወደ ቦታው እስኪመለስ፣ ልጁም ሕመሙን እስኪረሳ ጊዜ ይፈልጋልና።

ማድረግ የሌለብን

ሳሙና ቀርጾ በፊንጢጣ ማስገባት በየሰፈሩ የሚደረግ ነገር ነው። ሳሙና የልጁን ስስ ሥጋ ያቃጥላል፣ ፍርሃቱንም እጥፍ ያደርገዋል። በቤት ውስጥ በፊንጢጣ ውሃ ወይም የቅጠል ጭማቂ መጨመርም አደገኛ ነው። ኮሶ፣ የጉሎ ዘይትና የትልቅ ሰው ማስቀመጫ ኪኒን ለሕፃን መስጠት ለሕይወቱ ማስጋት ነው። ዘይትም ቅቤም ቢሆን አፉን በግድ ከፍቶ ማጠጣት ትን አስብሎ ሳንባውን ሊያበላሽ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መግረፍን፣ በእኅት ወንድሞቹ ፊት ማሳፈርንና «ቆሻሻ» ብሎ መስደብን እንተው።

ሳንዘገይ ሐኪም ዘንድ የምንሮጠው መቼ ነው?

ከድርቀት ጀርባ በሽታ የሚኖረው በጥቂቶች ነው፤ እነዚያን ጥቂቶች ግን መለየት ሕይወት ማዳን ነው። የመጀመሪያው ጥቁር ሰገራ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። 48 ሰዓት አልፎት ካልወጣ ሂርሽስፕሩንግ የተባለ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በ1886 (እ.ኤ.አ.) ባስተዋወቀው የዴንማርክ የሕፃናት ሐኪም ስም የተጠራ ሲሆን፣ በአንጀቱ መጨረሻ የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ሳይፈጠሩ ሲቀሩ የሚመጣ ነው። ከ5,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይታያል፤ በቀዶ ሕክምናም ይታከማል። ከዚህ ሌላ የሚከተሉትን ስናይ ቀን አንቁጠር፤

- አረንጓዴ ትውከት፤
- የሆድ መነፋትና መወጠር፤
- ከትኩሳት ጋር የሚመጣ ድርቀት፤
- ገና ከተወለደበት ወር የጀመረ ድርቀት፤
- እንደ ጥብጣብ የቀጠነ ሰገራ፤
- ክብደት አለመጨመር፤
- የእግር መዛል ወይም መራመድ የጀመረ ልጅ መሰናከል ማብዛት፤
- ቢጫነቱ የማይለቀው፣ እንቅልፍ የሚያበዛና ለመጥባት የሚሰንፍ ሕፃን (የታይሮይድ ዕጢ ስንፍና ሊሆን ይችላል)፤
- እየመጣ እየሄደ የሚያስጮህ የሆድ ቁርጠትና ደም የተቀላቀለበት ዝልግልግ ሰገራ።

የመጨረሻው ምልክት አንጀት በአንጀት ውስጥ ሲገባ የሚታይ ስለሆነ በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል መድረስን ይጠይቃል።

ወደ ጀመርነው ልጅ እንመለስ። እናቱ ጤና ጣቢያ ብትወስደው ሐኪሙ ሆዱን ዳስሶ የተጠራቀመውን ያገኛል፤ የሚያለሰልስ መድኃኒት ያዝለታል፤ ፓፓያውም ወደ ማዕዱ ይመለሳል። አያቱ በበኩላቸው «ና የኔ ልጅ፣ አጠገቤ ተቀመጥ፤ ዛሬ አያምህም» እያሉ ከፖፖው ጎን ተረት ቢነግሩት፣ ከሳምንታት በኋላ መጋረጃው ጀርባ መሸሸጉን ይተዋል። የሚያስፈልገው ነገር ከዚህ የበዛ አይደለም። ጊዜ፣ ለስላሳ ምግብ፣ የሐኪም ምክርና ለስላሳ አንደበት ነው።

ልጆቻችን አማና ናቸው። አፍ አውጥተው «ያመኛል» ለማለት ያልቻሉትን በእንቢታቸው ሲነግሩን የምንሰማበት ጆሮ አላህ ይስጠን። አሚን።